የፈቀደችው ጩኸት

የሰፈሩ ሰው ሁለቱን ሴቶች “ሰፊዋና ቀጭኗ” ይላቸው ነበር። ለማያውቅ ሰው አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ከሲታ ይመስሉታል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሰፊዋ የተባለችው ልብስ ስለምትሰፋ ነው እንጂ ወገቧስ ከጓደኛዋ ብዙ አይበልጥም። ቀጭኗም ብትሆን ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱም በልጅነታቸው ከአንድ አሠልጣኝ ዘንድ ሙያ ተምረው፣ አንድ መቀስ እየተቀባበሉ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። አንዷ ስትቆርጥ ሌላዋ ትሰፋለች፤ አንዷ ሲከፋት ሌላዋ ታስቃታለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀጭኗ መሀል ከተማ በተሠራ አዲስ ሕንፃ ላይ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሱቅ አገኘች።

“ነይ አብረን እንግባ” ብላ ጓደኛዋን ለመነቻት።

ሰፊዋ “እኔ የለመድኩት ይሻለኛል” አለቻት። ተሳስመው ተለያዩ። ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ሆኖም ሰፊዋ ለብቻዋ ስትቀር፣ ባዶውን ወንበር ባየች ቁጥር ደረቷ ላይ አንድ ነገር ይቆነጥጣት ጀመር። ስሙን ለራሷም አልነገረችውም። ስሙ ግን ቅናት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሾፌር ባሏ አዲስ ስልክ ገዛላት። ስልኩ ገና ከመከፈቱ “ማሳወቂያ እንዲደርስዎ ይፈቅዳሉ?” እያለ ይጠይቃል። እሷም ሥራ ላይ ስለሆነች ሳታነብ “ፍቀድ” ትላለች። ለጨዋታው ፍቀድ፣ ለጫማ ሻጩ ፍቀድ፣ ለአየር ሁኔታው ፍቀድ፣ የማታውቀው ሰው ላስገባት የቀልድ ቡድን ፍቀድ። የቀጭኗን ሱቅ ገጽ ያገኘች ዕለት ግን አውቃ፣ አስባ፣ አንዲት ፎቶ እንዳታመልጣት ብላ የደወሏን ምልክት በጣቷ ነካች።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። ጢን ይላል፤ ቀጭኗ አዲስ ፎቶ ለጥፋለች። ጢን ይላል፤ ቀጭኗን ሦስት መቶ ሰው ወዷታል። ሰፊዋ መርፌዋን ትታ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ታሰፋና ስፌቱን ትመረምራለች። “ይሄ አንገት ጠሟል” ትላለች ለብቻዋ። አንገቱ አልጠመመም። አለመጥመሙ ደግሞ ይብሱን ያንገበግባታል።

አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ሲጠጡ ባሏ ፊቷን አየና፣

“ምነው ጠቆርሽ?” አላት።

“ደግሞ ሌላ ሙሽራ አልብሳለች። አራት መቶ ሰው ወደደላት።”

“ጎሽ! ታዲያ ደውለሽ እንኳን ደስ አለሽ አትያትም?”

“እኔ ልደውል? ሰው የሆነችው እሷ፣ ደዋይዋ እኔ! ቀን ሙሉ ስልኬ ውስጥ ገብታ እየታየችኝ ደግሞ ልደውልላት?”

“እሷ መቼ ገባች? አንቺ ነሽ የምታስገቢያት። ደወሉን ዝጊውና ረፍት አግኚ።”

“ዘግቼውስ ምን እየሠራች እንደሆነ ሳላይ ብትቀድመኝ?”

“አሁንስ የምትበግኚው እያየሻት አይደል?” ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። እሷም ባሏ ሙያ አያውቅም ብላ ተወችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኩ ጮኸ። የዚያን ዕለቱ ጩኸት ፎቶ አልነበረም፤ ቀጭኗ ራሷ ነበረች የደወለችው። ሰፊዋ ስሙን አየችና “ልትኩራራብኝ ነው” አለች። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ሁለተኛ ጠራ፤ ሦስተኛ ጠራ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ያሸነፈች መሰላት። ከዚያ በኋላ የጫማው ቅናሽ፣ የጨዋታው “ናፍቀሽናል”፣ የቡድኑ ቀልድ በላይ በላዩ ተከመሩ።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ አንዲት ጡረታ የሚወጡ መምህርት ሰማያዊ ጨርቅ በክንዳቸው አድርገው መጡ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት እጃቸው ይሳሳለት ነበር።

“ባለቤቴ ነው የገዛልኝ” አሉ። “ጡረታ ስትወጪ ትለብሺዋለሽ ብሎ። እሱ ለዚያ ቀን አልደረሰም። በሽኝቴ ዕለት ግን ለብሼው ልቁም ብዬ ነው።”

“አይዞዎት መምህር፣ ቆንጆ አድርጌ ነው የምሰፋልዎት።”

“ልክ ሦስት ሜትር ነው፣ ልጄ። ብጤውን ፈልጌ ፈልጌ አጥቻለሁ። አደራሽን።”

ሰፊዋ ልካቸውን ወሰደች። በማግሥቱ ጨርቁን በድርቡ አጥፋ በጠመኔ ሁለት መስመር አሰመረችበት። ውስጠኛው መርፌ የሚሄድበት፣ ውጨኛው መቀስ የሚሄድበት ነው። መቀሷን አንሥታ ከብብቱ በኩል ጀመረች። ይኼኔ ስልኩ ጢን አለ።

አትይው ብትባልም አትሰማም ነበር። ቀና ብላ አየች። ቀጭኗ የለጠፈችው ነጭ ቀሚስ ነው። አንገቱ ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱ እየሳቁ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አብረው የሣሉት አንገት ነበር። ስድስት መቶ ሰው ወዶታል።

“የኔን ቅድ!” አለች ሰፊዋ። ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጮኸ። ዓይኗ ስልኩ ላይ፣ እጇ ጨርቁ ላይ ሆኖ መቀሱ መንገዱን ቀጠለ። ስትነቃ ከብብት እስከ ወገብ ቆርጣ ጨርሳለች፤ የቆረጠችው ግን በውስጠኛው መስመር ነው። ጨርቁ ድርብ ስለነበር አንዱ ስሕተት ሁለት ሆነ።

ለስፌት የሚተርፍ አንዲት ጣት ጨርቅ አልቀረም። ያን ቀሚስ ሰፍታ ብትሰጣቸው መምህርቷ ሲተነፍሱ ይተረተራል። ሰፊዋ ጨርቁን ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። “አንቺ ነሽ ይህን ያደረግሽኝ” አለች፤ የምታናግረው ቀጭኗን ነበር።

በነጋታው ስልኳን ይዛ ሦስት በር አልፋ ወደ ጋሽ ሬዲዮ ሄደች። ጋሽ ሬዲዮ በደጉ ጊዜ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ሲጠፋ ስልክ መጠገን ተማሩ፤ ቅጽል ስማቸው ግን አልተቀየረም።

“ባትሪውን ይለውጡልኝ ጋሼ። ግማሽ ቀን አልቆይ ብሎኛል።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ስልኩን ጎረጎሩት።

“ባትሪው ምንም አልሆነ። ዕረፍት ያጣ ስልክ ነው። ትናንት ብቻ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ጠርቶሻል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ሰው ነው?”

“እንዴት ስንቱ ሰው?”

“ሰው ነዋ! የሚያውቅሽ፣ አንቺን ብሎ የጻፈልሽ።”

ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ የተከመረውን አየችው።

“በይ እናጽዳው” አሉና ወንበር ሳቡላት። “ይሄን ማሳወቂያ በጣትሽ ጫን ብለሽ ያዢው። አየሽ? ‘ዝጋ’ የሚል ይመጣል። ይሄ ጫማ ሻጭ ምንሽ ነው?”

“ምኔም አይደለም።”

“ይዘጋ። ይሄ ጨዋታስ?”

“አንድ ቀን ነው የሞከርኩት።”

“ይዘጋ። ባልሽ ሲደውል?”

“እሱማ ይጩህ።”

“የልጅሽ ትምህርት ቤት?”

“ይጩህ እንጂ!”

“እንግዲህ ሁሉን አፍኚው አላልኩሽም። የሚያስፈልግሽ ይጥራሽ። ሌላውን ስትፈልጊ አንቺው ሄደሽ ታዪዋለሽ። ይሄ የልብስ ስፌት ገጽስ?”

“እሱን ይተዉት!” አለች ቶሎ ብላ።

ጋሽ ሬዲዮ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋትና ተዉት። የተከመረውን አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ታች ወረዱ። ታች፣ ከሁሉም ሥር ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

“ይሄኛው ግን ሰው ነው” አሉና ስልኩን አቀበሏት፤ የሰው ደብዳቤ ላለማንበብ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

ሰፊዋ አነበበች። “ሰፊዬ፣ ደውዬልሽ ነበር፤ አልተመቸሽም መሰለኝ። ቀኝ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ሐኪሙ አስሮልኝ ሁለት ወር መቀስ እንዳትነኪ አለኝ። የተቀበልኩትን ሥራ ለማን አደራ ልበል? ካንቺ ሌላ እጁን የማምነው የለኝም። እባክሽ ብቅ በዪ።” ቀኑን አየች። ሃያ ሦስት ቀን ሆኖታል።

ሱቋን ዘግታ በአውቶቡስ መሀል ከተማ ወረደች። በዚያ በምትቀናበት መስታወት ላይ “ለጊዜው ዝግ ነው” የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ፀሐይ መትቶት ዳር ዳሩ ተጠቅልሏል። ከዚያ ወደ ቀጭኗ ቤት ሄደች። ቀጭኗ በግራ እጇ በሩን ከፈተች። የቀሚሷ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል፤ አንደኛው በሁለተኛው ቀዳዳ፣ ሁለተኛው በሦስተኛው።

“መጣሽ?” አለች፤ ፊቷ አልተፈታም።

“መልእክቱን ዛሬ ነው ያየሁት።” ሰፊዋ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን አላስቻላትም። “ስትደውዪ ግን አይቻለሁ። አይቼ ስልኩን ገለበጥኩት። ልትኩራሪብኝ መስሎኝ። ቀንቼብሽ ነው፣ እህቴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንቼብሻለሁ።”

“በምኔ ልኩራራ? በዚህ?” ቀጭኗ የታሰረ እጇን አነሣች።

“በየቀኑ የሚወጣው ፎቶስ?”

“የሕንፃው አስተዋዋቂ ናት የምትለጥፈው። የዛሬ ዓመት የሠራሁትን እያወጣች ነው። ሱቁ ተዘግቷል አይባልም ብላ።” ድምፅዋ ተሰበረ። “ቁልፌን የሚቆልፍልኝ ሰው አጥቼ አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ፎቶ ታያለሽ?”

ሰፊዋ ቀረብ ብላ የተዛነፉትን ቁልፎች ከላይ ጀምራ ፈታች፤ አስተካክላም ቆለፈቻቸው። ቀጭኗ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመችላት።

“አልተቀየምኩም አልልሽም” አለች መጨረሻ ላይ። “ግን ግቢ።”

በማግሥቱ ቀጭኗ ወደ አሮጌው ሱቅ መጥታ ሰማያዊውን ጨርቅ አየች።

“በመርፌው መስመር ነው እኮ የቆረጥሽው!”

“ያንቺን ፎቶ ሳይ ነው።”

“መቀሱን እኔ ያዝኩልሽ?”

ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ። ቀጭኗ በግራ ጣቷ እያሳየች፣ ሰፊዋ እየሰፋች፣ ከብብት እስከ ታች በሁለቱም ጎን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ አስገቡበት። ሆን ተብሎ የተሠራ ቅድ ይመስላል። ያም ሆኖ ሰፊዋ መምህርቷ ሲመጡ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስልኩንም፣ ቅናቱንም።

መምህርቷ የገባውን ጨርቅ ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት። “ይሄኛው የሱ አይደለም” አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “ሳልጠይቅሽ እውነቱን ስለነገርሽኝ እለብሰዋለሁ። ከእንግዲህ ግን የሰው ጨርቅ ፊትሽ ሲዘረጋ ያንን ስልክ አርቂልኝ።” ሰፊዋ ከዚያ የከፋ ቁጣ ብትሰማ ይቀላት ነበር።

የቀጭኗ እጅ እስኪድን ሰፊዋ ግማሽ ቀን በመስታወቱ ሱቅ እየሠራች የጓደኛዋን አደራ ሁሉ አደረሰች። ቅናቱ በአንድ ጊዜ ጠፋ ቢባል ውሸት ይሆናል። ደንበኞች ቀጭኗን ሲያመሰግኑ ያ ቁንጥጫ አንዳንዴ ይመለስባታል። አሁን ግን አትደብቀውም።

“ዛሬም ቀናሁብሽ” ትላታለች።

“በምን?”

“በመስታወትሽ።”

“እንግዲያው ነይ ወልውዪው!”

አንድ ቀን ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ፣ የገጹን ደወል በቀጭኗ ፊት ዘጋችው።

“እኔን ነው የዘጋሽው?” አለች ቀጭኗ።

“አንቺንማ ከፈትኩሽ። የዘጋሁት አስተዋዋቂዋን ነው።”

ወገኖቼ፣ ስልክ ጠላታችን አይደለም። ነገር ግን በሩን ለመጣው ሁሉ ከፍተን “ፍቀድ” ባልን ቁጥር፣ ሥራችንን ከእጃችን፣ ወዳጃችንን ከልባችን የሚነጥቅ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ቅናትን በአንድ ጣት መዝጋት አይቻልም፤ ቀን ሙሉ የሚቀልበውን ጩኸት መዝጋት ግን ይቻላል። ሰፊዋን የጎዳት የስልኩ ጩኸት ብቻ አልነበረም፤ የሰው ጥሪ መጥቶ ሳለ ጀርባዋን መስጠቷም ነበር። እንግዲህ ዛሬ አምስት ደቂቃ እንውሰድ። የማይመለከተንን አንድ በአንድ እንዝጋ፤ የሚወዱንና የሚፈልጉን ግን ይጥሩን። ስንዘጋም አንቸኩል፤ እስከ ታች ድረስ እንመልከት። ከሁሉም ሥር መልስ እየጠበቀ ያለ ሰው ይኖር ይሆናል።