የወሌም ቀዳሚ ውኃ

በዘርማት ምድር ታላቁ ወንዝ ወሌም የሞቱ ዓሦቹን ወደ ዳር የተፋው በማድጋው በዓል ዋዜማ ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ታይቶ አያውቅም።

ዘርማቶች የወንዛቸውን ጤና የሚያውቁት በአንድ ማድጋ ነው። በውስጡ ያለው፣ የመጀመሪያው ንጉሥ በወንዙ ዳርቻ ሰው ሳይሰፍር ከወሌም ቀድቶ ያስቀመጠው ውኃ ነው ይባላል። በየዓመቱ ከማድጋው አንድ ዋንጫ፣ ከወንዙ አንድ ዋንጫ ይቀዳል፤ ከተመሳሰሉ ነጋሪት ይጎሰማል። ታዲያ ዓሣው ዳር ላይ እየገማ፣ ሁለቱ ዋንጫዎች ቁርጥ አንድ ሆኑ! ነጋሪቱም ተጎሰመ።

ወጣቷ ሰብልያት ግን ከሕዝቡ ጋር አልጨፈረችም። ታናሽ እህቷ ያንኑ የወንዝ ውኃ ጠጥታ አልጋ ይዛለች። ወደ ሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ፣ ወደ አባ ውርጋ እየሮጠች ሄደች።

«አባባ፣ ማድጋው ወንዙ ጤነኛ ነው ይላል። እህቴ ግን ልትሞትብኝ ነው!»

«ማድጋው ምን ያድርግ ልጄ! እንዳይጎድል እያሉ በየክረምቱ ከዚሁ ወንዝ ይሞሉታል። ወንዙ በታመመ ቁጥር አብሮት ይታመማል።» ሽማግሌው ተከዙ። «በልጅነታችን እስከ አንገታችን ገብተን የእግራችንን ጣት እናይ ነበር። ዓሣው ቁርጭምጭሚታችንን ሲኮረኩረን... ወይ ጊዜ!»

ሰብልያት ቀናች። እሷ እዚያ ወንዝ ውስጥ ቆማ ጉልበቷን እንኳ አይታ አታውቅም።

«ሰው ካልደረሰበት ምንጭ ቀዳሚውን ውኃ ሳልቀዳ ብመለስ፣ ወሌም ይድረቅብኝ!» ብላ ማለች። አባ ውርጋም «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው ቅላቸውን አነገቱ።

ሰው የሚያስት ጉም የሚተፋውን ገደል ተደጋግፈው ወጡ። ከምንጩ አፍ ላይ ጎጆ የምታህል እንቁራሪት ተቀምጣለች፤ እመ ምንጭ ናት።

«ከዚህ የሚቀዳ ዓይኑን ይሰጠኛል» አለች።

«የእኔን ውሰጂ!» አለች ሰብልያት።

«የአንቺ ዓይን ንጹሕ ወሌምን አላየም፤ ምን ይረባኛል? ያየውን ዓይን ነው የምሻው።»

አባ ውርጋ ሳቁ። «እንግዲህ ለእኔ መሆኑ ነው። ይሁን፣ እኔስ ጠግቤ አይቼዋለሁ» አሉ። ሰብልያት እግራቸው ላይ ወድቃ ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ አልሰሟትም። ሲወርዱ እጃቸውን ይዛ የመራቻቸው እሷ ነበረች።

የዘርማቱ ንጉሥ ድልነሣ የምንጩን ውኃ ከወንዙ ውኃ አጠገብ ሲያስቀምጡ፣ አንዱ እንደ አየር የጠራ፣ ሌላው ሐምራዊ ሆነ። ከከተማው በላይ ያለው፣ ካባ የሚነከርበት የቤተ መንግሥቱ ቀለም ቤት ዝቃጩን ወንዙ ውስጥ ይደፋ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ንጉሡ ሐምራዊ ካባቸውን አወለቁ።

«የካባዬን እድፍ ሕዝቤን አጠጥቻለሁ! ቀለም ቤቱ ይፍረስ፤ ከእንግዲህ ወንዛችን የሚመዘነው በምንጩ ይሁን!» ሲሉ አወጁ።

እህቷም የምንጩን ውኃ እየጠጣች ዳነች። ወሌም ግን እንደ ሰው ቶሎ አላገገመም፤ የሰብልያት ጠጉር ሽበት እስኪጀምረው አስጠበቃት።

አንድ ማለዳ አባ ውርጋን ከዳር አስቀምጣ፣ እስከ አንገቷ ገባች።

«ሰብልዬ፣ የእግርሽ ጣት ይታይሻል?»

ቁልቁል አየች። ጣቶቿ ጠጠሩ ላይ ተዘርግተዋል። ለመመለስ አፏን ስትከፍት አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቷን ነካት፤ እንደ ሕፃን ጮኻ ሳቀች።

«አባባ! ዓሣው ኮረኮረኝ!»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ፤ እንባቸው ወረደ።

«እንዲያ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ልክ እንዲያ ነበር።»