ጉንዳኖቹ የሚጠብቁት

«አትንኪያቸው አልኩሽ እኮ! ጉንዳኖቹ ተባዩን እየበሉልን ነው» አለች ጓደኛዋ ሹሩባ፣ ባዶውን የውሃ ማጠጫ እያወዛወዘች።

ልጅቷ ቅጠሉን ገልብጣ ማየቷን ቀጠለች። ስትናገር ምላሷ ስለሚያዝ አፏን የምትከፍተው ሲቸግራት ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ «ዝምቴ» ይሏታል። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ያለውን የባቄላ መደብ ለሳይንስ ክበብ የሚንከባከቡት ሁለቱ ናቸው፤ ቢያንስ እንዲያ ነው የሚባለው።

የሹሩባ አባባል ግን ለዝምቴ አልጣማትም። ጉንዳኖቹ የሚበሉት ከሆነ ተባዩ፣ ክሽክሹ፣ ለምን በዛ? ቅጠሉ ሥር የተለጠፉትን አረንጓዴ ነፍሳት በአጉሊ መነጽር አየቻቸው። አንድ ጉንዳን የክሽክሹን ጀርባ መታ መታ ሲያደርግ ከኋላው ጠብታ ወጣች፤ ጉንዳኑ ጭልጥ አደረጋት። ወዲያው ክሽክሽ የምትበላ ቀይ ጥንዚዛ ብታርፍ፣ ጉንዳኖቹ ግር ብለው አባረሯት። ጉንዳኑና ክሽክሹ ተስማምተዋል። የሚመጠጠው ባቄላው ነው።

መምህሩ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። «አይ ሹሩባ! አንቺ ባትኖሪ ይሄ ባቄላ ደርቆ ነበር።»

«ምን ላድርግ ቲቸር፣ ይወደኛል መሰለኝ» ብላ ሳቀች። ጠዋት ከቧንቧው ውሃ ተሸክማ ያጠጣችው ዝምቴ ነበረች።

«ነገ ክበቡን ለሚጎበኙት እንግዶች ማን ያስረዳል?»

«እኔ ነኛ! እሷ መናገር አትወድም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝምቴ እፎይ ትል ነበር። ልጆች ሲስቁባት ተነስታ የተሟገተችላት ሹሩባ ናት፤ ይህን አትክድም። ዛሬ ግን ጥርጣሬ እንደ እሾህ ወጋት። የምትናገርልኝ ለእኔ ብላ ነው፣ ወይስ እኔ እንዳልናገር?

«ጉንዳኖቹ ተባዩን እንዴት እንደሚያጠፉ ነው የማስረዳው» ቀጠለች ሹሩባ።

«አ-አያጠፉም።» ሁለቱም ዞሩ። የዝምቴ ጆሮ ጋለ። «ያ-ያልቧቸዋል። እንደ ላ-ላም።»

መምህሩ መነጽሩን ተቀብለው ጎንበስ አሉ። ሹሩባ ፈጠን ብላ፣ «አብረን ነው ያየነው ቲቸር፣ ማለቴ…»

«እ-እኔ ነኝ ያየሁት። ነገም እ-እኔ አስረዳለሁ።»

መምህሩ ቀና ብለው አዩአት፤ «ጥሩ» አሉና ሄዱ።

ሹሩባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምላስሽ ቢያዝስ?»

ማሾፏ ይሁን ማዘኗ፣ ዝምቴ ከፊቷ መለየት አልቻለችም።

«ት-ትታገሺኛለሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ መደቡ ዞራ፣ ነገ የምትለውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥታ ጀመረች።