በየፎቁ የቀረችው ሂሩት

መቅሊት «ሂሩት» ብላ ጽፋ ስትፈልግ የጠበቀችው አንድ ፎቶ ነበር። ሁለት መጣ።

የመጀመሪያውን ለሙከራ ጓደኛዋ ነቢዩ ጋ ያስቀመጠችው ራሷ ናት፤ አዲስ አበባ ያለችው አክስቷ፣ የእናቷ እህት ሂሩት፣ በሠርጓ ቀን ስትስቅ። ለሳይንስ ውድድር ብላ ከአገር ውጭ በሚኖሩበት የሴዳር ሪቨርሳይድ ሕንፃ ከእነሱ ሁለተኛ ፎቅ እስከ ነቢዩ ስድስተኛ ፎቅ ያሉ አምስት ላፕቶፖችን ያለ ኢንተርኔት አገናኝታለች። ፋይሉ ማን ጋ እንዳለ ማወቅ አያስፈልግም፤ ምን እንደሚፈልጉ መጻፍ ብቻ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ጥያቄውን ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ያለው ይመልሳል፣ መልሱ ያለፈበት ሁሉ ደግሞ ቅጂ ያስቀራል። በዚህ ብልሃቷ ስትኩራራ ነው የሰነበተችው።

ሁለተኛው ፎቶ «የሂሩት ቀብር» ይላል። ያው የሠርግ ፎቶዋ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበት ሬሳ ሣጥን ላይ ቆሟል። ቀኑ ያለፈው ማክሰኞ ነው።

ነቢዩ ጋ ደወለች። ላፕቶፑ የአባቱም ስለሆነ ፎቶው በኢሜይል የመጣው ለእሳቸው ነው። አባቱ ጋሽ ደጀኔ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ተማክረው፣ የመቅሊት እናት ዓርብ የነርስነት ፈተናዋን እስክትጨርስ ብለው መርዶውን ለቅዳሜ ንጋት ቀጥረውታል።

«ፕሊስ፣ እንዳትነግሪያት» አላት ነቢዩ።

ፎቶውን ሰረዘችው። ደግማ ስትፈልግ ከሦስተኛው ፎቅ መጣ። አክስቷ እዚያም ቀርታለች። መቅሊት የገዛ ሥራዋን ፈራችው።

እናቷ ብርነሽ የፈተና መጽሐፏን በብብቷ እንደያዘች ገባች። ሂሩት ስልክ ካላነሳች ሳምንት አልፏል። ሊፍት ውስጥ የምታገኛቸው ሰዎችም ሰላም ብለዋት አንገታቸውን ይደፋሉ።

«እስቲ በዚህ ነገርሽ ሂሩትን ፈልጊልኝ» አለች እንደ ቀልድ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር አለ አይደል?»

መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም፤ ይህን መቅሊት ታውቃለች። ላፕቶፑን ከደነችው።

«ነቢዩ ጋ ደርሼ ልምጣ፣ ማሚ።»

እናቷ ትኩር ብላ አየቻት።

መቅሊት ደረጃውን ወጣች። ከየፎቁ በር ጀርባ ሂሩት እየሳቀች የተቀመጠች መሰላት። ስድስተኛ ፎቅ ስትደርስ ጋሽ ደጀኔ ራሳቸው ከፈቱላት።

«እማዬ ጠርጥራለች፤ እስከ ቅዳሜ መጠበቅ አትችልም፣ ጋሼ» አለች። «የቤተ ክርስቲያን ሰዎቹን አሁን ይጥሩልኝ። እኔም አብሬያችሁ እወርዳለሁ።»