ለእንግዳ የሚስቅ ቤት

ቤቱን አይቶ ሳያደንቅ የሚያልፍ መንገደኛ አልነበረም። ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ ደረጃ፣ ከበሩ በላይ የተንዠረገገ ሐምራዊ አበባ። ፋርማሲስቷ እዚያው ተወልዳ ስላደገች አድናቆቱ ሰልችቷታል። ውስጡ እንደ ሱቅ መስኮት ነበር፤ ይታያል እንጂ አይነካም። እናቷ የሚስቁት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዳው ሲወጣ ሳቃቸውም አብሮት ይወጣል።

ፎቶ አንሺው የመጣው አባቷ ጡረታ ሲወጡ ለተዘጋጀው ግብዣ ነው። እናቷ ትከሻዋን አቅፈው ፈገግ አሉ። ካሜራው ቀጭ እንዳለ እጃቸው ወረደ። ማንም ልብ አላለም። እሱ ግን ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አያት።

ስትሸኘው በር ላይ ቆም አለ።

«ይቅርታ አድርጊልኝና... ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«ዛሬ እንኳን ፈገግታቸው ረዘም ብሏል፤ ደጋግመህ ስላነሳኸን።»

ሁለቱም ሳቁ። የራሷ ሳቅ አስደነገጣት።

ዓመት ሳይሞላ ሊጋቡ ተስማሙና ከምትሠራበት ፋርማሲ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ የጎረቤት ጭቅጭቅ ቃል በቃል ይሰማል።

«እዚህስ ሰው አለ!» አለች፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ።

አንድ ከሰዓት ቀለም እየቀቡ ሳለ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው። ልጅ ሳለች ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ግንባሯ ላይ ታስደግፍ ነበር። ያተኮሳት መስሏቸው እናቷ በእጃቸው እንዲዳስሷት።

«ዳሰሱሽ?»

«ሐኪም ጋ ደወሉ።»

ብሩሹን ጥሎ አቀፋት። ፀጉሯ ቀለም በቀለም ሆነ፤ ግድ አልሰጣትም።

የሁለቱ ቤተሰብ በወላጆቿ ቤት ለምሳ የተገናኘ ቀን እናቷ ደምቀው ዋሉ።

«ይቺን ልጄን ገና አላወቃችኋትም!» አሉ ለእንግዶቹ። «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ግንባሯን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀች ታታልለኝ ነበር እኮ! ተንኮለኛ!»

«ለካ ፋርማሲስት የሆነችው ያኔ ነው!» አሉ የሙሽራው አጎት።

ሳቁ ጠረጴዛውን ነቀነቀው። ቀና ብላ እጮኛዋን ፈለገችው። እየሳቀ ነበር።

ጓሮ ጠራችው።

«ለምን ነገርካቸው?»

«እንድትቀራረቡ ብዬ ነዋ! አልቅሰዋል እኮ።»

«አንተ እያየሃቸው?»

«አዎ።»

«እሱማ ያለቅሳሉ። እንግዳ ነሃ!»

«ተይ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ተለውጠዋል። ላይኛውን ፎቅ እንኳን ለእኛ ሰጥተውናል።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ። እንዲህ ዓይን መሸሽን ታውቀዋለች፤ ያደገችበት ነው።

«የኪራዩን ቤት ትናንት ለቅቄዋለሁ» አለ። «ደስ ይልሻል ብዬ...»

«ከዚህ ቤት ልታወጣኝ ነበር ያፈቀርከኝ የመሰለኝ። አንተ ለካ በእኔ በኩል ልትገባ ኖሯል።»

በዚያው ቀን አከራይዋን ለምና ክፍሎቹን በራሷ ስም መልሳ ያዘች። እሱ እየመጣ በሩን ያንኳኳል። አልከፈትኩለትም ብትል ውሸት ነው፤ ከፍታ፣ ሻይ አጠጥታ ትሸኘዋለች። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

ምስጢሯን ማውጣቱን ውሎ አድሮ ይቅር አለችው። ሌላው ነው ከአንጀቷ ያልወጣው። ያን ቀን ሲስቅ እሷን አልነበረም የሚያየው። እናቷን ነበር፤ በደንብ ስቄ ይሆን ብሎ።