የዶክተር ሳላዲን የእሳት መርፌ

አቶ ወልደሥላሴ በመርፌ በታከሙ በማግስቱ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ባለው ክሊኒክ አልጋ ላይ ደም አስታውከው ሞቱ። ወሬው ፀሐይዋን ቀድሞ ሩቁ ካምባ ድረስ ገባ። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ሊቀመንበር ነበሩና ጀልባ ያለው ሁሉ መቅዘፊያውን ጥሎ ክሊኒኩን ከበበ። «ገዳዩን አውጡልን!» የሚለው ጩኸት አርባውንም ምንጭ ያደርቃል።

ገዳይ የተባለው ዶክተር ሳላዲን ነው፤ ዕጢ የሚያቃጥል መሣሪያውን ከአዲስ አበባ በመኪና ጭኖ የመጣ ወጣት ሐኪም። እጁ በካቴና ታስሮ ጓዳ ተቆልፎበታል። ሌላ ተጠያቂ ካልተገኘ ከሰዓት በኋላ ወደ ጣቢያ ይወሰዳል።

ኢንስፔክተር ብርቅዬ የተጠራችው ይሄኔ ነው። ብርቅዬ ጨንቻ ተራራ ላይ ቆማ ጫሞ ውስጥ የሚዋኘውን ዓሣ ወንድ ይሁን ሴት የምትለይ ሴት ናት። ይህን ተጋነነ የሚል ካለ፣ ዓይኗን አይቶ አያውቅም።

«ዶክተር፣ ካቴናውን ለጊዜው ይርሱትና ሥራዎን ያስረዱኝ።»

«የጉበታቸው ዕጢ ከሎሚ ያንስ ነበር» አለ ሳላዲን። «ትንሽ ሲሆን ሆድ ሳይከፈት በመርፌ ይደረስበታል። ዶክተር ሀብተወልድ አልኮል ይወጋል፤ እኔ በሙቀት አቃጥላለሁ።»

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሀብተወልድ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «የኔ መርፌ ቀጭን ነው፤ የድሃ አቅም ይችለዋል። ግን ደጋግሜ መውጋት አለብኝ። የሱ ባንዴ ይጨርሳል ይላል።»

«የተጠና ነገር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የምለው!»

«እሺ፣ የተጠና ነው! ወፍራም መሆኑስ? ወፍራም መርፌ ያደማል።»

«መርፌውን ሳወጣ እኮ መንገዱን እያቃጠልኩ ነው የማወጣው። ቀዳዳው ይዘጋል!»

ክርክሩን የገላገለው ሬሳው ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የመርፌው መንገድ እንደ ጥብስ ደርቆ አገኘው። ደሙ የፈሰሰው ከጨጓራ ነው፤ መርፌ ያልነካው ክንድና ጉልበትም በልዟል።

«ከመውጋታችሁ በፊት ደማቸው የሚረጋ መሆኑን አላያችሁም?» አለች ብርቅዬ።

ሳላዲን አቀረቀረ። «አይተናል፤ ደህና ነበር። ከዚያ ሕክምናው ዘገየ፤ ምርመራውን አልደገምኩትም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።»

«ማን አዘገየው?»

«ምክትላቸው፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ‹ሁለቱን መርፌ በደንብ አወዳድራችሁ አስረዱን፤ እስከዚያ እሱ ሱባኤ ይያዝ› አሉ።»

ብርቅዬ ለቅሶ ቤት ስትደርስ የሟች ባለቤት ልክነሽ ደረቷን ትደቃለች። «የዚያን በማታ መረብ ሊጥል ተልኮ በአዞ የተበላ ልጅ ነገር ፍርድ ቤት እመሰክራለሁ እንዳልክ ቀረህ! የዚያን ዶክተር እጅ ቁረጡልኝ!»

ብርቅዬ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ ልክነሽ፣ ከመርፌው በፊት ምን ቀምሰው ነበር?»

«ሱባኤ ላይ አልነበረም እንዴ? ማታ ማታ ቆሎ ብቻ። የዚያን ዕለትማ ውሃ እንኳ በአፉ አልዞረ!»

«ጠበልስ?»

«ጠበል ደግሞ ከመብል ከመጠጥ ይቆጠራል? ጋሽ ሰይፈ በየጠዋቱ በሞተር እያመጣለት፣ እሱን ብቻ ነበር በባዶ ሆዱ የሚጠጣ።»

ልክነሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ነጠላው ላይ የድዷ ደም ቀይ መስመር ሆኖ ቀረ። ከዚያ ለቅሶ ቤት ሁለተኛ ሬሳ ሊወጣ ይችላል።

«ከጠበሉ የተረፈውንስ?»

«ጠበል ይደፋል እንዴ ልጄ? እኔ ነኛ የምጨርሰው።»

ብርቅዬ ቀና ስትል ጋሽ ሰይፈሥላሴን አየች። ከቀረበለት የበቆሎ ኩርኩፋ ውስጥ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን የሀለኮ ቅጠል አንድ በአንድ እየለቀመ ያወጣል። አርባ ምንጭ ተወልዶ ሀለኮ የሚለቅም ሰው የአዞ ጥርስ የሚነቅል ሰው ያህል ብርቅ ነው።

«ጋሽ ሰይፈ፣ ሀለኮ አይወዱም?»

«ሐኪም ከለከለኝ እንጂ! የልብ ነገር ነው የኔ እመቤት።»

ወዲያው ሁለቱን ሐኪሞች አስጠራች። ሳላዲን በሁለት ፖሊስ ታጅቦ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ለቀስተኛው ሊበላው ተነሣ።

«ተቀመጡ!» አለች ብርቅዬ። ተቀመጡ፤ ድንኳኑ ራሱ የተቀመጠ መሰለ።

«መርፌው አልገደላቸውም። ከጀርባው መንገዱን ዘግቶ ነው የወጣው። የገደላቸው ደማቸው መርጋት ማቆሙ ነው። ሲመረመሩ ይረጋ ነበር፤ ስለዚህ የተበላሸው ሕክምናው በዘገየበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ከቆሎ ሌላ በአፋቸው የገባው ጠበል ብቻ ነው። ‹ምንም አልቀመሰም› ስትሉ እውነታችሁን ነው፤ ጠበልን መቅመስ የሚለው የለማ።»

«እና ጠበል ሰው ገደለ ልትይ ነው?» አለ ሰይፈሥላሴ።

«ጠበሉማ ምን በወጣው! ውስጡ የሟሟው ነው እንጂ። የልብ ሕመምተኛ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይውጣል። ቅጠል ኪኒኑን ስለሚያደክምበት ሀለኮ ይለቅማል። በአዞ የተበላውን ልጅ ማታ አዞ ከሚተራመስበት ከአዞ ገበያ መረብ ጣል ብሎ የላከውም እሱ ከሆነ፣ በደሙ የሚመሰክርበትን ሰው አይወድም።»

ሰይፈሥላሴ ሳቀ። «ኪኒን የሚውጥ እኔ ብቻ ነኝ? የጠበሉ ጀሪካን እንደሆን ታጥቧል። ምን ይዘሽ ነው?»

«ጀሪካን ምን ያደርግልኛል። ዶክተር ሀብተወልድ፣ ከራስዎና ከእትዬ ልክነሽ ደም ይቅዱልኝ።»

ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ጠረጴዛ ላይ ቆሙ። ደም የሚረጋበት ጊዜ ሲደርስ ሀብተወልድ የራሱን ቱቦ ዘቀዘቀው፤ ደሙ ረግቶ ንቅንቅ አላለም። የልክነሽን ገና ዘንበል ሲያደርገው ደሙ እንደ ውሃ ተንዠቀዠቀ።

«እሷ ትጠጣ መች አልኩ!» ብሎ ጮኸ ሰይፈሥላሴ።

ያለውን ራሱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ ፖሊሶቹ ደግሞ እሱን ያዙት።

«ቫይታሚን ኬ!» አለ ሳላዲን። «ደሟን መልሶ ያረጋል፤ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ፍቱኝ እንጂ፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነው!»

ካቴናው ተፈታ። መድኃኒቱን በመርፌ ስቦ ከፊቷ ደርሶ ቆመ። ልክነሽ ይቆረጡልኝ ያለቻቸውን እጆች አየቻቸው፣ ከዚያ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች።

«ቶሎ በል ልጄ» አለችው።