አይዞሽን የከለከለኝ

ሙት ተመለሰ፣ ድምፅ ተሰማ ሲባል ከጎረቤቶቼ ፊት የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ፍኖተ ሰላም ላይ ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለውን ወሬ ከየት አምጥቼ ልመነው፣ ዛሬም ቢሆን አመንኩ ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ጌታነህ ካረፈ በኋላ ቤቱ ከበደኝ። ልጅ አልወለድንም፣ አጠገቤ የሚተነፍስ ነገር ተመኘሁ። በቡሬ መውጫ በኩል ስንዱ የምትባል ሴት አለች፣ መንገድ ላይ የተጣሉ ውሾችን ሰብስባ፣ አሳክማ፣ አስከትባ ለሚያሳድግ ትሰጣለች። እሷ ዘንድ ጆሮዋ የተቀደደ ቡናማ ውሻ አየሁ፣ ስሟ አይዞሽ ነው፣ እጄን ስትልሰኝ ከቀብሩ ወዲህ ያልመጣልኝ እንባ መጣ።

"ዝም ብሎ መውሰድማ የለም፣ እትዬ የሺ" አለችኝ ስንዱ። "አጥር አለዎት? በሰንሰለት ያስሯታል? ስትታመምስ ሐኪም ጋ ያደርሷታል?"

ሁሉንም መለስኩ።

"ቤት ውስጥስ ማን አለ? የሁሉንም ፈቃድ ሳልሰማ አልሰጥም። አንዷን ውሻ ሚስትየዋ ወድዳ ወሰደቻት፣ ባልየው በጆንያ ከትቶ ማንኩሳ መንገድ ላይ ጣላት።"

"ብቻዬን ነኝ" አልኳት። ይህን ቃል አውጥቼ ስናገረው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤቴን ልታይ መጣች፣ አይዞሽንም ይዛት መጣች፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ውሻዋ ጭራዋን እየቆላች ግቢውን አሽትታ ገባች፣ ሳሎን ስትደርስ ግን ቀጥ አለች፣ ዓይኗ እኛን አልፎ የጌታነህ ወንበር ላይ ተተከለ። ጌታነህ ውሻ ጣራ ሥር አያስገባም ነበር፣ የጎረቤት ውሻ ደጃፉን ከረገጠ በከዘራው ነበር የሚመታው።

"ማነው የሚያስለው?" አለች ስንዱ።

"ጎረቤት ይሆናል" አልኳት፣ እኔ ግን ከዝናቡ በቀር የሰማሁት የለም።

እመኑኝ፣ ማንም አልነካትም፣ አይዞሽ እንደተመታ ውሻ ጮኸች፣ የኋላ እግሯን አንጠልጥላ እያነከሰች ወደ ውጭ ሸሸች። ልብሱን በአርባው ለድሆች ስሰጥ ያስቀረሁት ከዘራ፣ ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ የሚቆመው፣ ወንበሩ ሥር ወድቆ አየሁት።

ስንዱ የውሻዋን እግር ዳሰሰች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "አስቤበት እመለሳለሁ" ብላ ሄደች።

በጊዮርጊስ ዕለት ከቅዳሴ ስመለስ ደጄ ላይ አገኘኋት፣ አይዞሽን በገመድ ይዛ፣ ፊቷ ጠቁሮ።

"እትዬ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ይዋሻል? ብቻዬን ነኝ አላሉኝም?"

"ነኝ እንጂ።"

"ታዲያ ያ ሽማግሌ ማነው? ላንኳኳ ብል ከውስጥ መለሰልኝ፣ 'የሺ ቅዳሴ ናት፣ ውሻሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እኔ እበቃታለሁ' አለኝ።"

ቁልፉን ከደረቴ አውጥቼ አሳየኋት፣ "በሩ በውጭ ተቆልፏል፣ ልጄ፣ እይው።"

"ይባስ ብሎ! ሽማግሌ ቆልፈውበት ነው ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት? ሰው ላይ የሚቆልፍ ሰው ውሻ አያሳድግም!"

ገመዱን ጎተተችው፣ አይዞሽ አንዴ ዞር ብላ አየችኝ፣ ኧረ እሷ እንኳ ልትቀርብኝ አልፈለገችም።

ከፍቼ ገባሁ፣ ማንም የለም። ከቀብሩ ጀምሮ በሕልሜ እንኳ አንድ ቃል እንዲለኝ ስለምነው ኖሬአለሁ፣ ዝም አለኝ፣ ለማያውቃት ሴት ግን ስሜን ጠርቶ ተናገረ።

አሁን ከቅዳሴ ስመለስ ቁልፉን በእጄ ይዤ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳለሁ፣ ጆሮዬን ለጥፌ እቆማለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ስከፍት ግን ከዘራው ካስቀመጥኩበት አይገኝም።