ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ

ፍላሹን ሊፍት ውስጥ ተቀበለች። ያቀበላት ሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወረደ።

አለቃዋ በጆሮ ማዳመጫዋ ተናገረ። የሚስጥር ስሙ «አጎት» ነው፤ የእሷ «መርፌ»።

«መርፌ፣ አሥር ደቂቃ አለሽ።»

«ፕሮፌሰሩን እንዳትነኩብኝ።»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

ነገ የሚታሰሩት አርባ ሰዎች ዝርዝር ማንነቷን ደብቃ ከስምንት ወር በፊት በተቀጠረችበት ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፏል። ቁልፉን የሚሰጠው አንድ «ኦብጀክት»፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚፈጠር አንድ የኮድ አካል፣ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ይፈጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያንኑ ያገኛል። የጠያቂውን ስምም ይመዘግባል፤ መዝገቡን ጥበቃዎቹ ይከታተላሉ። ፕሮግራሙን የጻፉት፣ ባልደረቦቿ ፕሮፌሰር የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው።

አንድ ነገር አምልጧቸዋል። ሁለት ሰው በአንዲት ቅጽበት ቢጠይቅ፣ ሁለቱም «ገና አልተፈጠረም» ይባላሉ። ሁለቱም ይፈጥራሉ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የኋለኛውን ነው፤ የፊተኛው ቁልፉን እንደያዘ ማንም ሳያውቀው ይቀራል።

የፊተኛዋ ጠያቂ እሷ ናት። ሁለተኛው አጎት ነው፤ ከውጭ ሆኖ በሌለ ሰው ስም ይጠይቃል። ስምምነቱ ይህ ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬም ምሳ የለም?» ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ቆመዋል። «ባለቤቴ ብታይሽ የሠራተኛ ደም መጣጭ ትለኛለች።»

«ፕሮግራሙን አስነስቼ እመጣለሁ።»

በስምንት ወር ውስጥ መብላት አለመብላቷን የጠየቃት ሌላ ሰው የለም።

«ሦስት» አለ አጎት። «ሁለት። አንድ።»

ተጫነች።

ዝርዝሩ ፍላሹ ላይ ወረደ። መዝገቡ አንድ ጠያቂ ብቻ አሳየ።

የፕሮፌሰሩን ስም።

«ምን አደረግህ?»

«የሌለ ሰው ስም አልቀበል አለ። ደግሞ የሚጠረጠር ሰው ቢኖር አንቺን አይፈልጉሽም።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር!»

«አሁኑኑ ከዚያ ውጪ።»

የራሷን ስም ብትሰጥ ፍላሹ ከበር አያልፍም። አርባ ሰው። ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ጥበቃዎቹ ፕሮፌሰሩን ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል። «እኔ ራሴ የሠራሁትን ልሰርቅ?» እያሉ ይስቃሉ። ቀልድ መስሏቸዋል። ከዚያ አዩዋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አይዞሽ፣ ልጄ። ስህተት ነው። ገብተሽ ብይ።»

እግሯ ወደ ደረጃው ወሰዳት።

በማግስቱ አሳሪዎቹ አርባ በር አንኳኩ። አርባውም ቤት ባዶ ነበር።

ስለ ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። አጎት ሁለቱንም ጊዜ መስመሩን ዘጋው።

በሌላ ከተማ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ የመታወቂያ ክፍሉ ሠራተኛ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እህቴ፣ ማን ልበል?»

መርፌ ትናንት የተሰጣትን አዲስ ስም ሳትደናቀፍ ተናገረች።